ከከተማ ወጥቶ ጣና ዳር ለመኖር ከየት ይጀመራል?

ባህር ዳርን አንዴ ያየ ሰው ማለሙ አይቀርም። ከከተማው ሳይርቅ፣ ጫጫታው ሳይደርስበት፣ ትንሽ ቤት፣ ትንሽ ጓሮ፣ ፊት ለፊት ውሃ። ሕልሙ አይከፋም። ችግሩ አብዛኛው ሰው ጣናን የሚያየው በጥር መሆኑ ነው። ለጥምቀት ይመጣል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ውሃው ተኝቷል፣ አሳውን በልቶ፣ ፎቶውን አንስቶ፣ በዚያው ስሜት ደላላ ላሳየው መሬት ቀብድ ከፍሎ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ወደ ኋላ የሚሄድ ሥራ ነው።

ይህን የምጽፈው ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባባችሁ ነው። ዘጌ ይሁን ሮቢት፣ ቆራጣ ይሁን ቁንዝላ፣ ወይም ማዶ ጎርጎራ፣ ዝርዝሩ ይለያያል እንጂ የሚቀድመውና የሚከተለው ያው ነው።

1. መጀመሪያ በክረምት ሂዱ

ጣና በክረምትና በበጋ አንድ አይደለም። ውሃው በጣም ዝቅ የሚለው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። ከፍ የሚለው ደግሞ ዝናቡ ጠግቦ ሊወጣ ሲል፣ መስከረም ውስጥ። ሐይቁ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም ጥልቀቱ በዛ ቢባል 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ዳሩም ብዙ ቦታ ላይ ሜዳ ነው። ስለዚህ ውሃው ወደ ላይ ትንሽ ሲጨምር ወደ ጎን ብዙ ይሄዳል። በበጋ ሽምብራና ጓያ ያያችሁበት ማሳ መስከረም ላይ ታንኳ ይቀዘፍበታል። የአገሩ ሰው ባህር ሸሽ የሚለው ይህንን መሬት ነው። ውሃው ሲሸሽ ይዘሩበታል፣ ሲመለስ ይለቁለታል። ቤት ግን አይሠሩበትም። ደላላ ለእንግዳ መጀመሪያ የሚያሳየው ደግሞ እሱን ነው፤ ለውሃው ቅርብ ነዋ!

ፎገራና ደምቢያ በኩል ከሆነ ሐሳባችሁ፣ ሐይቁ ብቻ ሳይሆን ርብ፣ ጉማራና መገጭ የሚባሉት ወንዞች ነሐሴ ላይ ሞልተው ሜዳውን እንደሚያጥለቀልቁት እወቁ። አፈሩም ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም ይዞት ይሰነጠቃል። ድንጋይ መሠረት የሌለው ቤት ዋልካ ላይ ብዙ አይቆምም።

እንግዲህ ቦታውን ስታዩ ዓይናችሁ ውሃው ላይ አይሁን። ግድግዳው ላይ ይሁን። የጭቃ ቤት ግድግዳ ውሃ ደርሶበት ከሆነ ታችኛው ክፍል ቀለሙ ይለያል፣ ልስኑም ተቦድሶ እንደገና የተለሰነ መሆኑ ያስታውቃል። የባህር ዛፉን ግንድ እዩ፣ የደለል መስመር ይታያል። አጥሩ ላይ ያለፈው ዓመት ደንገልና ቄጠማ ደርቆ ተሰክቶ ካገኛችሁ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ። ከዚያ ሰው ጠይቁ፣ ግን ደላላውን አይደለም። ውሃ የሚቀዱ እናቶችን፣ አሳ አጥማጆችን፣ ሽማግሌዎችን፣ ለየብቻ ጠይቁ። አጠያየቁም ልዩነት አለው። «እዚህ ጎርፍ አለ?» ስትሉ «ኧረ የለም» ይባላል። «አባባ፣ ውሃው በጣም በመጣበት ዓመት የት ደርሶ ነበር?» ስትሉ ግን እጃቸውን ዘርግተው ያሳዩዋችኋል።

«አምና አልደረሰም» የሚለውን ደግሞ ብዙ አትመኑበት። የአባይ መውጫ ላይ የጨራ ጨራ ግድብ አለ፣ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህም በዋሻ ወደ በለስ ኃይል ማመንጫ የሚሄድ ውሃ አለ። የሐይቁ ከፍታ በዝናብ ብቻ የሚወሰን አይደለም።

2. ተከራዩ፤ መሬት አትግዙ

ይህንን ጠበቅ አድርጌ ነው የምናገረው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የገበሬው ደብተር የይዞታ ማረጋገጫ ነው፣ የመሸጫ ወረቀት አይደለም። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ግን «ለወረቀቱ ስጦታ እንበለው»፣ «ለወረቀቱ የረጅም ጊዜ ኪራይ እንበለው» የሚል መላ ሁልጊዜ ይመጣል። ውሉን የጻፈላችሁ ሰው ነገር ሲመጣ አብሯችሁ አይቆምም። የሰጪው ልጆችና ወንድሞች ግን ይቆማሉ፣ በእናንተ በኩል ሳይሆን በወዲያ በኩል። በዚያ ላይ የተሠራው ቤት ጨረቃ ቤት ነው፣ ዶዘር ሲመጣ ስም የለውም። ሌላም ነገር አለ። ጣና ከነዙሪያው ከሰኔ 2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ቀጠና ነው። ውሃው ጥግ ላይ ግንብ ማቆም በማንም በጎ ፈቃድ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

በሕጉ መንገድ መግባት ከፈለጋችሁ በከተማ አስተዳደሩ ክልል ውስጥ ያለ ቤት ወይም የሊዝ ቦታ ነው የሚያዋጣው። ገጠር ቀበሌ ውስጥ ከሆነ ግን ተከራዩ። ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ኑሩበት። ኪራዩን በጽሑፍ፣ በምስክር፣ ወረቀቱም ቀበሌ እንዲያውቀው አድርጉ። ቆርቆሮው ቢያፈስ ማን ይጠግናል? መፀዳጃውን ማን ያስቆፍራል? ጓሮው ውስጥ ያለው ቡናና ማንጎ የማን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ እንደ ቀልድ ይታያል። ዘጌ ላይ ቀልድ አይደለም፤ ቡናው ነው ገቢው።

3. መሸኛችሁን ይዛችሁ ግቡ

ከምትለቁት ቀበሌ መሸኛ አውጡ። ያለ መሸኛ መታወቂያ የለም፣ ያለ መታወቂያ ደግሞ ብዙ ነገር የለም። ፋይዳ ካላወጣችሁ ከተማ ሳላችሁ ጨርሱት። እንደ ገባችሁ ሰው ሳይጠራችሁ ቀበሌ ሄዳችሁ ታወቁ። በዚህ ዘመን ማንነቱ ያልታወቀ እንግዳ ሰውን ያሳስባል፣ ማሳሰቡም ተገቢ ነው። ለመንቀሳቀስም እንዲሁ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠዋት ሳትጠይቁ አትነሱ። ባለ ሚኒባሶች ከማንም በፊት ያውቃሉ።

ሥራችሁ በኢንተርኔት ከሆነ ከመከራየታችሁ በፊት ቤቱ ውስጥ ተቀምጣችሁ ስልካችሁን ሞክሩ፣ በረንዳ ላይ ሳይሆን ውስጥ። የቴሌም የሳፋሪኮምም ሲም ያዙ። ሁለቱም አብረው የሚጠፉበት ጊዜ ስላለ ግን «መስመር ላይ ካልሆንኩ እባረራለሁ» የምትሉ ከሆነ ከተማው ውስጥ መቆየት ይሻላችኋል። መብራቱም ያው ነው። ትንሽ ሶላር አብራችሁ አስቡ።

4. ከሰው ጋር

ይህኛው ወረቀት የለውም፣ ግን ከወረቀቱ ይበልጣል። ሰላምታ ሳይሰጡ ማለፍ እንደ ስድብ ነው። እድሜው ከፍ ያለውን ሰው አንቱ በሉ፣ ሴትም ትሁን ወንድ። ቄስ ስታገኙ መስቀል ተሳለሙ፤ ሃይማኖታችሁ ሌላ ከሆነ ቆም ብላችሁ ሰላም በሉ፣ ይበቃል። ቡና ስትጠሩ ቢያንስ አንደኛውን ጠጥታችሁ ተነሱ። «ሥራ አለብኝ» የሚለው የከተማ ሰበብ እዚህ አይገባም። ሥራ የሌለው ሰው የለማ!

እድር ግቡ። መግቢያውን ክፈሉ፣ ወርሃዊውን አታዛንፉ፣ ከሁሉ በላይ ግን ልቅሶ ላይ ተገኙ። በገንዘብ መቀጮ ከፍሎ የሚቀር እድርተኛ ይታወቃል። ድንኳን ሲተከል ገመዱን ይዞ የቆመም እንዲሁ ይታወቃል። ይህ ነገር ሌሊት ልጅ አሟችሁ ጀልባ ወይም ባጃጅ ስትፈልጉ ይታያችኋል።

ዘጌ የምትገቡ ከሆነ የቦታው ሥርዓት የተለየ ነው። በአቡነ በትረ ማርያም ዘመን ተሠርቷል በሚባለው ሥርዓት መሠረት በሬ ጠምዶ ማረስ የለም፣ ከብት ማርባትም የለም፣ ዛፍም እንዲሁ ተነስቶ አይቆረጥም። ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ነው። ሰዉ የሚኖረው በቡና፣ በጌሾ፣ በሎሚና በፍራፍሬ ነው፣ እህሉን ከውጭ ይገዛል። «ሁለት ላም ገዝቼ ወተቴን...» ብላችሁ ከሆነ የመጣችሁት ሌላ ቀበሌ ፈልጉ። ደጅ ላይ የተሰጣ ቡና አትርገጡ፣ ልጆቻችሁንም ንገሩ። ጦጣዎቹን ደግሞ አትመግቡ፤ እናንተ አንዴ የሰጣችኋት ጦጣ ጎረቤታችሁን ዓመቱን ሙሉ ትዘርፋለች። ገዳማቱን በተመለከተ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሴትም ወንድም ይገባል፣ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ሴት አይገባም። ዘመድ ሲመጣባችሁ ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት ንገሯቸው።

5. ውሃ፣ መፀዳጃ፣ ትንኝ

ውሃ ዳር እየኖሩ ንጹህ ውሃ ማጣት አለ። የሐይቁን ውሃ አትጠጡ። የጉድጓዱንም ቢሆን አፍሉት ወይም ውሃ አጋር ጨምሩበትና በማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው ጠብቁት። በክረምት በተለይ።

ዳሩ ላይ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው። በጋ ላይ ደረቅ የነበረ የመፀዳጃ ጉድጓድ ነሐሴ ላይ ውሃ ይሞላና ወደ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ጉድጓዱን ከማጥለቅ ይልቅ ወለሉን ከፍ አድርጉ፣ አፉን በድንጋይና በሲሚንቶ አንሱት። ከውሃ ጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ሁልጊዜም ከሱ በታች በኩል ይሁን። ተከራይ ናችሁና አይመለከታችሁም ብላችሁ አትለፉት፣ የምትጠጡት እናንተ ናችሁ።

ወባ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ደግሞ ቀለል ብሎ ይመለሳል። መስኮቱ ላይ ወንፊት ምቱ። አጎበሩን ፍራሹ ስር አስገቡት፤ መሬት ላይ የሚንጠለጠል አጎበር ለጌጥ ነው። ትኩሳት ሲጀምር «ብርድ ነው» ተብሎ አይታደርም። በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን አትዋጡ፤ ሁለት ዓይነት ወባ አለ፣ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። ጤና ጣቢያ የማይችለው ነገር ሲመጣ መድረሻችሁ ባህር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ነው፤ ጎርጎራ በኩል ከሆናችሁ ደግሞ ጎንደር። ወደዚያ ሌሊት በምን እንደምትሄዱ ሳይታመም ሰው ጠይቁ፣ የሹፌሩን ስልክም ያዙ።

6. ዋና

ሁሉም የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። «ይዋኛል ወይ?» ጣና ዳሩ ላይ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ የሚኖረው ሳርና ደንገል ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ላይ ነው። ከዚያ ይወጣና እግራችሁ ውሃ ውስጥ ሳለ በቆዳ ይገባል። አይታይም፣ ቁስልም አይፈልግም። ልጆች የሚንቦጫረቁበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ለእኛ ምቹ የሚመስለው ቦታ ነው ለእሱም የሚመቸው።

እናም ዳሩ ላይ አትንቦጫረቁ። ጀልባ ላይ ስትወጡና ስትወርዱ ቦት ጫማ አድርጉ። ለገላ የሐይቅ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ ቀድታችሁ በተከደነ በርሜል ሁለት ቀን አሳድሩት፣ ትሉ ይሞታል። ውሃው ነክቷችሁ ከሆነ ሁለት ወር ገደማ ቆይታችሁ ሰገራ ተመርመሩ። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፣ ይድናል። ሆድ ቁርጠትና ደም ያለበት ሰገራ እስኪመጣ ግን አትጠብቁ። «እኛ እዚሁ አድገን ምን ሆንን?» የሚሏችሁ አይጠፉም፤ ብዙዎቹ ይዘውት እየዞሩ ነው።

7. ጀልባና ታንኳ

ጠዋት ሂዱ። የጣና ነፋስ ከሰዓት በኋላ ነው የሚነሳው፣ ውሃው ጥልቅ ስላልሆነም ቶሎ ይናወጣል። ክረምት ላይ ደግሞ ደመናው ሲከብድ ወጀቡ ሳይታሰብ ይደርሳል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ነው። ጀልባ ላይ ስትወጡ የሕይወት ጃኬት አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ካለም ልበሱት፤ ተጣጥፎ ወንበር ስር ያለ ጃኬት ማንንም አያወጣም። ከልክ በላይ ከጫነ ውረዱ። «ፈሪ» ቢሏችሁ ምን ትጎዳላችሁ?

ታንኳ ከፈለጋችሁ የሚሠሩትን ሰዎች ሄዳችሁ አናግሩ። በዚህ ሙያ የታወቁት ወይጦዎች ናቸው፤ ስለ እነሱ የሚወራ የድሮ ወሬ ትሰማላችሁ፣ ጆሮ አትስጡት። የደንገል ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው። ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ስለዚህ ከተጠቀማችሁበት በኋላ ጎትታችሁ አውጡትና ወደ ላይ አቁማችሁ ፀሐይ አስመቱት። ውሃ ላይ አስራችሁት ከሄዳችሁ በሳምንታት ውስጥ ይበሰብሳል። መቅዘፍም ከላይ እንደሚታየው ቀላል አይደለም፣ ዳር ዳሩን የሚያሳያችሁ ሰው ያዙ።

8. አሳ መግዛት

መረብ ማታ ተጥሎ ጠዋት ይነሳል። ስለዚህ አሳ የሚገዛው በማለዳ፣ ታንኳው የሚቆምበት ቦታ ሄዶ ነው። ስንጥቡን ገልጣችሁ እዩ። ደማቅ ቀይ ከሆነ የዛሬ ነው፣ ቡናማ ሆኖ ከተዝለገለገ አድሯል። ዓይኑ ጉልህና ጥርት ያለ ይሁን። በአውራ ጣት ጫን አድርጉት፤ ሥጋው ተመልሶ ካልሞላ ተዉት። ቀረሶ ለጥብስ ነው፣ አጥንቱም አያስቸግርም። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ስቡ ብዙ ነው፣ ለወጥ ይሆናል። ነጭ አሳ ጣፋጭ ነው ግን ሾሁ ብዙ ስለሆነ ለልጅ አትስጡ። ጾም ሲገባ ዋጋው ይወጣል፣ አትደነቁ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ነጭ አሳ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ወንዞቹ ይወጣል። ያኔ ወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ ሰው የሚመጣውን ዓመት አሳ ነው የሚያወጣው። አሳውን የሚያደነዝዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጠው ውሃ ውስጥ የሚበትኑም አሉ። ከእነዚህ አትግዙ፣ ዋጋው ቢረክስም።

9. ሠራተኛ ስትይዙ

አጥር ለማሳጠር፣ ጣሪያ ለማስጠገን ሰው ስትቀጥሩ የከተማውን አቆጣጠር ተዉት። የሚታረፈው ቅዳሜና እሑድ ብቻ አይደለም። በወሩ 12 ሚካኤል ነው፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 29 ባለወልድ፣ በዚያ ላይ የደብሩ ታቦት ቀን አለ። የገበያ ቀንም አለ። ሰኔና ሐምሌ ሁሉም እርሻ ላይ ነው። «በሁለት ሳምንት ይጨርሳሉ» ብላችሁ ያሰባችሁትን በወር ተኩል አስቡትና ከአለቃው ጋር ቁጭ ብላችሁ በዓላቱን ቁጠሩ፣ ክፍያውንም በቀን ሳይሆን በሥራው ተነጋገሩ። በበዓል ቀን ምስማር ብትመቱ ደግሞ መንደሩ ይሰማል። ድምፁንም፣ ወሬውንም።

10. ጓሮና ጉማሬ

እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ሰሜንና ምሥራቅ ዳሩን ነው በይበልጥ የያዘው። ከክረምት በኋላ ነፋስ እየገፋ ያመጣውና ጀልባ መቆሚያውን ይዘጋዋል። እዚያ በኩል ከተከራያችሁ ጥቅምት ላይ መውጫ አለ ወይ ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለነቀላ ዘመቻ ስትወጡ ቦት አድርጉ፣ የነቀላችሁትንም ወደ ጓሮ አትጎትቱት።

ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ነው፣ ሌሊት ወጥቶ ይግጣል። አደገኛ የሚሆነው ደንገል ጥግ ላይ ሲደርሱበት፣ በተለይም በእሱና በውሃው መካከል ሲቆሙ ነው። ከመሸ በኋላ ዳር ዳሩን አትሂዱ፣ ማለዳም ጎሕ ሳይቀድ አትውረዱ። መንገዱ ይታወቃል፤ ሣሩ ተረግጦ ሰፊ ቦይ የመሰለ ነገር ከውሃው ወደ ማሳው ካያችሁ የእሱ ነው። አጥር አያቆመውም። ገበሬው ራሱ ማሽላው ሲደርስ ማማ ላይ አድሮ እሳት እያነደደ ነው የሚጠብቀው። እናንተ ጎመናችሁን ከቤቱ በላይ በኩል ትከሉ፣ ከታች በኩል ጌሾና ሎሚ ይሁን።